የዓይን ምስክርነትና የልብ ፍርድ

ሰው በዓይኑ ያየው ነገርና በልቡ አጽንቶ የያዘው ሕግ ሲጋጩበት ከሁለቱ የትኛውን ይዞ የትኛውን ይተው? ያየውን አላየሁም ብሎ ይካድን? ወይስ ሕጉን ሐሰት ነው ብሎ ይሻር? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዳኛ በችሎት፣ አባት በልጆቹ መካከል፣ መምህር በደቀ መዛሙርቱ ፊት ሲጠየቁት የኖሩት ነው። ነገር ግን በሰዎች ጠብ መካከል ስንመረምረው ብዙ ጊዜ ፍርዳችን ይጣመማል፤ አንዱ ዘመዳችን ሌላው ባላንጣችን ይሆናልና። ስለዚህ ዛሬ ምሳሌውን ከሩቅ፣ እጅግም ከሩቅ ልናመጣው ወደድን። በሰማይ ጥልቅ ውስጥ ባለ ነገር ወገን የለንም፤ የምናደላለትም የምንቂምበትም የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

አስቀድመን ሕጉን እንናገር። ብርሃን በባዶ ጠፈር በአንድ ሴኮንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አልበርት አይንስታይን በ1905 ዓ.ም. ካቀረበው ትምህርት ወዲህ ሊቃውንት አጽንተው የያዙት፣ ክብደት ያለው ማናቸውም ነገር ወደዚህ ፍጥነት ሊቀርብ እንጂ ሊደርስበት፣ ይልቁንም ሊያልፈው የማይቻለው መሆኑን ነው። ይህም ሕግ እንደ መኪና መንገድ ደንብ ለጥንቃቄ የተደነገገ አይደለም። ወሬ ከብርሃን ፈጥኖ የሚጓዝ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ተመልካቹ አካሄድ፣ መልሱ ከጥያቄው፣ ቁስሉ ከጦሩ ቀድሞ የሚገኝበት ተመልካች በኖረ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሕግ ላይ የተንጠለጠለው የፍጥነት ልክ ብቻ አይደለም፤ ምክንያት ከውጤት መቅደሙም ጭምር ነው። ሠሪ ከሥራው መቅደሙ ከቀረ ደግሞ፣ ማንን ስለ የትኛው ሥራው እንጠይቀዋለን? ወቀሳና ምስጋና፣ ንስሓና ካሣ ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። የተፈጥሮ ሕግ መምህርና የግብረ ገብ መምህር በዚህ ስፍራ ጎረቤታሞች ናቸው።

አሁን ደግሞ የታየውን እንናገር። ፈረንሳዊው የሰማይ ተመልካች ቻርልስ ሜሲዬ በ1781 ዓ.ም. ሰንቡላ በተባለው የከዋክብት ምድብ ውስጥ አንዲት ደብዛዛ ነቁጥ አይቶ በመዝገቡ 87ኛ አድርጎ ጻፋት። ዛሬ ኤም 87 ተብላ የምትጠራው ይህች ነቁጥ፣ ከእኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ ታላቅ ጋላክሲ ናት። በ1918 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሂበር ከርቲስ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በሊክ መመልከቻ ሲሠራ፣ ከመካከልዋ እንደ ተመዘዘ ጦር ቀጥ ብሎ የወጣ አንድ ጮራ አየ። ምን እንደ ሆነ በዚያ ዘመን ለማወቅ አልተቻለም። በኋላ የራዲዮን ሞገድ ከሰማይ የሚቀበሉ መሣሪያዎች ሲሠሩ፣ ይህችው ጋላክሲ በሰማይ ካሉት ኃይለኛ የራዲዮ ምንጮች አንዷ ሆና ተገኘች። በልብዋ ውስጥ ክብደቱ የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ምስሉም በ2019 ዓ.ም. ለዓለም ታይቷል። ወደ ጉድጓዱ ከሚወርደው ነገር ከፊሉ ሳይዋጥ ተመልሶ በቀጭን መሥመር ወደ ውጭ ይወረወራል። ሊቃውንቱ ጄት ይሉታል፤ እኛ ጅረት ብንለው ከጠባዩ አንርቅም። በዓይነ ብርሃን የሚታየው ርዝመቱ 5,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ይህን ጅረት ደጋግሞ ሥዕል አነሣው። ሥዕሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ አስተያይተው የመረመሩት ሊቃውንት በ1999 ዓ.ም. ያሳወቁት ነገር ይህ ነው፤ በጅረቱ ውስጥ ያሉ የብርሃን ቋጠሮዎች ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ የለወጡትም ርቀት በዓመታቱ ሲካፈል ከብርሃን ፍጥነት ከ4 እስከ 6 እጥፍ ሆነ።

ነገሩ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. በማሳቹሴትስና በካሊፎርኒያ የቆሙ የራዲዮ አንቴናዎችን፣ በአህጉር ወርድ ተራርቀው ሳለ፣ እንደ አንድ ዓይን አድርገው ያስተባበሩ ሰዎች 3ሲ 279 የተባለውን ኳዛር ሲመለከቱ፣ ክፍሎቹ ከብርሃን ፈጥነው የሚራራቁ መስሎ ታያቸው። 3ሲ 273 የተባለውም ከ1977 እስከ 1980 ዓ.ም. በሦስት ዓመት ውስጥ የ25 የብርሃን ዓመት ርቀት የሄደ መስሎ ታየ። ብርሃን ራሱ በሦስት ዓመት ሦስት የብርሃን ዓመት ብቻ ሲሄድ!

ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር ፊት ሲቆም መሸሻ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ከተፈለጉት መሸሻዎች ሁለቱን እናንሣ። አንደኛው፣ ኳዛሮቹ እንደሚባለው ሩቅ አይደሉም የሚል ነበር። ቅርብ ከሆኑ በሰማይ ላይ የታየው ጥቂት መናወጥ ጥቂት ርቀት ብቻ ይሆናልና ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ የሄደ ነገር የለም፤ የሚበሩና የሚጠፉ ብዙ ነቁጦች ናቸው የሚል ነበር። ይህን ለመረዳት የደመራን ምሽት ማስታወስ ይበቃል። በአንድ ኮረብታ ላይ ችቦ ጠፍቶ ወዲያው በሌላው ኮረብታ ላይ ሌላ ችቦ ቢበራ፣ በጨለማ ከሩቅ የቆመ ሰው አንዱ ችቦ ሸለቆውን በቅጽበት የተሻገረ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን የተሻገረ የለም። ሁለቱም ሐሳቦች ሞኝነት አልነበሩም፤ ሆኖም አልቆዩም። አንዱንና ያንኑ ቋጠሮ ከዓመት ወደ ዓመት ሲጓዝ የሚያሳዩ ጥሩ ሥዕሎች ሲገኙ የችቦው ምሳሌ ወደቀ። ኤም 87ን በተመለከተም፣ ርቀትዋ በከዋክብትዋና በጎረቤት ጋላክሲዎችዋ በሌላ መንገድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ቅርብ ናት ብሎ ማምለጥ አልተቻለም።

ታዲያ መልሱ ምንድር ነው? አንድ ሰው የዐሥር ቀን መንገድ ከሚያርቅ አገር ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቤታችን ይመጣል እንበል። በተነሣበት ዕለት «ዛሬ ተነሥቻለሁ» የሚል ደብዳቤ በመልእክተኛ እጅ ይሰድድልናል። መልእክተኛው ከእርሱ ጥቂት የፈጠነ ነውና መንገዱን በዘጠኝ ቀን ይጨርሰዋል። ደብዳቤውን በተቀበልን በማግሥቱ እንግዳው ራሱ ከደጃፋችን ይቆማል። እኛም የደብዳቤውን ቀን ሳንመለከት የደረሰበትን ቀን ብቻ ብንቈጥር፣ ትናንት ተነሥቻለሁ ያለ ሰው ዛሬ ደረሰ፤ የዐሥር ቀኑን መንገድ በአንድ ቀን ጨረሰው እንላለን። እግዚኦ የዚህ ሰው እግር! ነገር ግን እንግዳው እንደ ማናችንም የሚራመድ ሰው ነው። የራሱን ደብዳቤ እግር በእግር እየተከተለ መጣ እንጂ ከመልእክተኛው አልቀደመም። ፊቱን ከእኛ መልሶ ቢሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዐሥረኛው ቀን «ደረስሁ» ብሎ የሚሰድደው ደብዳቤ ወደ እኛ ለመመለስ ሌላ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታልና፣ ያው የዐሥር ቀን መንገድ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን የወሰደበት ይመስለናል።

የሰማዩም ነገር እንዲሁ ነው፤ በቍጥር እንየው። አንድ ቋጠሮ በአግድም ወደ እኛ እያዘነበለ የ13 የብርሃን ዓመት መንገድ ሄደ እንበል። ከዚህም ውስጥ 12ቱ የብርሃን ዓመት ወደ እኛ የቀረበበት፣ 5ቱ ደግሞ ወደ ጎን የፈቀቀበት ይሁን፤ በጂኦሜትሪ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ሦስት ጎን ነውና ሒሳቡ ይገጥማል። ፍጥነቱ ከብርሃን 98 በመቶ ያህል ስለ ሆነ ጒዞው 13 ዓመት ከ3 ወር ይፈጅበታል። ሲነሣ የለቀቀው ብርሃን በዚህ ጊዜ 13 ዓመት ከ3 ወር ተጉዟል። ሲደርስ የሚለቀው ብርሃን ግን የሚነሣው 12 የብርሃን ዓመት ቀረብ ካለ ስፍራ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ብርሃኖች ወደ እኛ ሲደርሱ በመካከላቸው ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ብቻ ይሆናል። በሰማይ ላይ የሚታየን ወደ ጎን የሄደው 5 የብርሃን ዓመት ነው፤ ይህም በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ሲካፈል የብርሃንን ፍጥነት 4 እጥፍ ይሆናል። ከብርሃን ያለፈ አንዳች ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ነገሩ ጥንታዊ ወንድም አለው። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር በ1676 ዓ.ም. በፓሪስ ሳለ የጁፒተርን ጨረቃ ግርዶሽ ሲቈጥር፣ ምድር ወደ ጁፒተር በምትቀርብበት ወራት ግርዶሹ እየቀደመ፣ በምትርቅበት ወራት እየዘገየ መሄዱን አስተዋለ። ጨረቃይቱ ሥርዓትዋን አልለወጠችም፤ የተለወጠው የወሬው መንገድ ርዝመት ነበር። ሮመርም ከዚህ ተነሥቶ ብርሃን በቅጽበት የማይደርስ፣ ለጒዞው ጊዜ የሚፈጅ መሆኑን አስረዳ።

እንግዲህ ዓይን ዋሽቶ ነበርን? እኛ አልዋሸም እንላለን። ዓይን፣ ወይም በዓይን ፈንታ የቆመው መሣሪያ፣ የሰጠው ቃል «ይህን ብርሃን በዚህ ዓመት፣ ያንን ብርሃን በዚያ ዓመት ተቀበልሁ» የሚል ብቻ ነው። ይህ ቃል ፍጹም እውነት ነው፤ ዛሬም አልተሻረም። «ስለዚህ ነገሩ ከብርሃን ፈጠነ» የሚለውን የጨመረ ግን ልብ ነው። ልብም የጨመረው የሰማበትን ቀን ከተደረገበት ቀን ጋራ አንድ አድርጎ ስለ ቈጠረ ነው። በምስክሩ ቃል ውስጥ የሌለ ነገር በፍርዱ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም በኋላ ጥፋቱ በምስክሩ ላይ ሊለጠፍ ሆነ። በችሎት የሚቀመጡ ሰዎች ይህን ዓይነት በደል ሳያዩት የሚቀሩ አይመስለንም።

የሰማበትን ቀንና የተደረገበትን ቀን መለየት ለእኛ አገር ሰው ባዕድ ትምህርት አይደለም። መርዶን የማያውቅ ማን ነው? በሩቅ አገር የሞተ ሰው ወሬው በወሩም በዓመቱም ይደርሳል፤ ሐዘንተኛውም በተረዳበት ቀን ልክ ዛሬ እንደ ሞተበት ያለቅሳል። እንባው ሐሰት ነውን? አይደለም፤ ሐዘኑ የዛሬ ነው። ነገር ግን «ወንድሜ ትናንት በሕይወት ነበረ» ብሎ የርስት ክርክር ቢጀምር፣ እንባውን ያከበርንለት እኛው ሒሳቡን አንቀበለውም። ደግሞም የስልክ መሥመር ለብዙ ወራት ተቋርጦ በኖረበት ቦታ መሥመሩ ሲመለስ ምን እንደሚሆን አስቡ። የወራት መልእክት ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጎርፋል። አንዲት እናት ልጇ ታመምሁ፣ ተቸገርሁ፣ ለምን አትመልሱልኝም፣ ተቀየምሁ፣ ዳንሁ፣ ተዳርሁ ያለችውን ሁሉ ባንድ ተቀምጣ ታነባለች። ቀኖቹን ካላየች ልጇ በአንድ ጀምበር ልቧ ስድስት ጊዜ የተገለበጠ ቀላል ሰው ትሆንባታለች። ልጅቱ ግን ያንን ሁሉ በዝግታ፣ ቀን በቀን ነው የኖረችው። እንዲህ ባለ ንባብ ምክንያት ስንት ዝምድና እንደ ተበጠሰ ማን ቈጠረው?

በዚህ ቦታ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ብናልፈው ለአንባቢ ታማኞች አንሆንም። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል። «ሕጋችሁ ተጣሰ፤ እናንተም ብልህ ሰበብ አበጃችሁለት። በየጊዜው ሰበብ የሚበጅለት ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ጌታውን በሁሉ ነገር ንጹሕ የሚያደርግ ሎሌ ምስክርነቱ ይታመናልን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰበብና ማስረጃ በቃል ሲነገሩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት በሁለት ነገር ይመስለናል። ሰበብ የሚመጣው ከጥፋቱ በኋላ ነው፤ ሰበብም ራሱን ለሌላ ፈተና አሳልፎ አይሰጥም። ይህኛው ግን ከመታየቱ በፊት ተነግሮ ነበር። ማርቲን ሪስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በካምብሪጅ ገና ወጣት ሳለ፣ በ1966 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው የሚስፋፉ የራዲዮ ምንጮች ቢኖሩ ከብርሃን የፈጠኑ መስለው እንደሚታዩ አስቀድሞ አሳይቷል። ይህም ከ1971ዱ ምልከታ አምስት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

ፈተናውም ተገኘ። ትምህርቱ እውነት ከሆነ፣ ከአንድ ምንጭ በሁለት ተቃራኒ ወገን ከተወረወሩት ጅረቶች ወደ እኛ የሚመጣው ፈጥኖ፣ ከእኛ የሚሸሸው ዘግይቶ ሊታይ ይገባል፤ መንገደኛው ሲመጣ አንድ ቀን፣ ሲሄድ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን እንደ መሰለን ማለት ነው። በ1994 ዓ.ም. በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ካለ አንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ቋጠሮዎች በራዲዮ ተለኩ፤ የቀረበው ከሸሸው እጥፍ ያህል ፈጥኖ ታየ። የሁለቱን ልዩነት ይዘው ሲያሰሉ እውነተኛው ፍጥነት ከብርሃን በታች፣ ዳሩ ግን እጅግ የተጠጋ ሆነ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ፈጥነው ታይተው ቢሆን ኖሮ፣ ትምህርቱ ያን ዕለት በወደቀ ነበር። ሊወድቅ በሚችልበት ቦታ ቆሞ ያልወደቀን ነገር ሰበብ ብሎ መጥራት ለእኛ አይታየንም።

ይሁን እንጂ ዓይን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም፣ በጄኔቫ አጠገብ ካለው ከሰርን 730 ኪሎ ሜትር ያህል በምድር ውስጥ አልፈው ጣልያን አገር ወደሚገኘው ወደ ግራን ሳሶ የተላኩ ኒውትሪኖዎች፣ ብርሃን ሊደርስ ከሚገባው ጊዜ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ሲቈጠር 60 ያህል ቀድመው ደረሱ ተባለ። የለኩት ሰዎች ነገሩ ለራሳቸውም የማይታመን ቢሆንባቸው፣ ሌሎች እንዲመረምሩት ለዓለም ገለጹት። በ2012 ዓ.ም. በደንብ ያልተጣበቀ የብርሃን ገመድ መገኘቱ ተሰማ፤ በዚያው ዓመት በሌሎች መሣሪያዎች የተደረገው ልኬትም ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን አለመቅደማቸውን አሳየ። እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በኤም 87 ዓይኑ ደኅና ነበረ፤ የሳተው ፍርዱ ነው። በግራን ሳሶ ዓይኑ ራሱ ታሞ ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ግን ሁለቱም ወሬዎች አንድ መልክ ነበራቸው፤ ሁለቱም «ከብርሃን ፈጠነ» ይሉ ነበር። የነገሩን እንግድነት ብቻ በማየት የታመመውን ምስክር ከደኅናው መለየት አልተቻለም፤ የተለየው ገመዱን አንድ በአንድ በመዳሰስ፣ ማዕዘኑን አንድ በአንድ በመለካት ነው።

የ2011ዱን ሰዎች የማይታመን ነገር ስለ ገለጹ የነቀፏቸው ነበሩ። እኛ በዚህ አንስማማም። ምስክር ያየውን ነገር ሕግን ይቃረናል ብሎ ቢሸሽግ፣ ዳኛውን ተክቶ በስውር ፈረደ ማለት ነው። በ1971 ዓ.ም. የነበሩት ሰዎች ልኬታቸው የማይቻል ነገር ስላሳየ በሣጥን ቈልፈውበት ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ጅረቶቹ እውነተኛ ፍጥነት ያወቅነውን አብዛኛውን ባላወቅን ነበር። የማይቻለው ቍጥር ራሱ ነውና ማዕዘናቸውንና ፍጥነታቸውን ያስተማረን። በኤም 87 የታየው 6 እጥፍ ፍጥነት፣ ጅረቱ ወደ እኛ ካዘነበለበት መሥመር ከ19 ዲግሪ በላይ ርቆ ሊሆን እንደማይችል ያስገድዳል። ተሸሽጎ ቢሆን ይህን ማን ይነግረን ነበር? ምስክር ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ «አየሁ» ባለበት አፉ ሳይተነፍስ «ስለዚህ» እንዳይል ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ዝምታ ሊኖር ይገባል፤ የዝምታውም ርዝመት እንደ ነገሩ ክብደት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱም ስለማይታየው ወገን ነው። ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ የሚሄድ ነገር ብርሃኑን የሚረጨው በዙሪያው እኩል አይደለም፤ አብዛኛውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ወደ እኛ የሚመጣው ጅረት ከጠባዩ አብልጦ ይደምቃል፤ ከእኛ የሚሸሸው ከጠባዩ ይልቅ ይደበዝዛል። ሰማይን ዞረው ደማቆቹን ጅረቶች የሚመዘግቡ ሰዎች ሳያስቡት ወደ እኛ የዞሩትን ይመርጣሉ፤ ፊታቸውን ያዞሩብን ከመዝገቡ ይቀራሉ። የከርቲስም ጮራ አንድ ብቻ መስሎ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከኤም 87 ልብ በተቃራኒው ወገን የሚወጣው ሁለተኛው ጅረት በዓይነ ብርሃን አይታይም፤ ከልቡ እጅግ ቀርቦ ባለው ስፍራ ብቻ በራዲዮ ደብዛው ተገኝቷል። ሊቃውንቱ ግን ሁለተኛው ወንድም መኖሩን ከዚያም ቀድመው አልተጠራጠሩም። በራዲዮ ሲታይ፣ ጮራ በማይታይበት በዚያኛው ወገንም እንደዚህኛው ሁሉ የተነፋ ታላቅ ደመና አለና፤ የሚያፈስስበት ሳይኖር እንዲህ ሊነፋ አይችልም።